ከጓዳ የቀረውን ልጅ ማን ያውጣው?

እሑድ ከቀትር በኋላ በባሕር ዳር የጣናን ዳር ይዞ የሚሄድ ሰው ከተማዋ ልጆችዋን ሁሉ ያወጣች ይመስለዋል። ቆሎና ሸንኮራ ይዘው የሚሯሯጡ አሉ፤ ከአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ከዘጌ የምትመለሰውን ጀልባ የሚመለከቱ አሉ፤ ከዘንባባው ጥላ ሥር ኳስ የሚመቱ አሉ። ዳሩ ግን ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው አንድ የጐደለ ነገር አለ። እግሩ የማይታዘዝለት፣ ዓይኑ የማያይ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ ወይም አእምሮው ከእኩዮቹ ዘግየት ብሎ የሚያድግ ልጅ በዚያ መካከል እምብዛም አይታይም። እንዲህ ያለ ልጅ በከተማው ስለሌለ ነው እንዳይባል፣ አለ። ያለው ግን ከጓዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ በር የሚዘጋበት፣ ቤተ ሰቡ ለሠርግ ሲሄድ ቤት ጠባቂ ሆኖ የሚቀረው፣ ጐረቤት «ስንት ልጆች አሏችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ከቍጥር የሚወጣው እርሱ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚሁ ልጅ ነው፤ የሚናገረውም ለተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ላሉ ወጣት ሠራተኞች ነው። ምክንያቱም ልጁን ከጓዳ ለማውጣት ከገንዘብ ይልቅ የሚያስፈልገው ሰዓት ነው፤ እርሱም በየሳምንቱ ሳይታጐል የሚሰጥ ሰዓት። ይህን ያህል ሰዓት ደግሞ ከማንም ይልቅ በወጣት እጅ ይገኛል።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ወላጆች ልጃቸውን የሚደብቁት ጠልተውት አይደለም። ብዙውን ጊዜ እናቲቱ ለዚያ ልጅ ያላት ፍቅር ለሌሎቹ ካላት ይበልጣል፤ ሌሊት የምትነሣለት፣ በጀርባዋ አዝላ ከጠበል ጠበል የምትዞርለት እርስዋ ናት። የሚያስደብቃት የሰው አፍ ነው። «ምን በድለው ይሆን?» የሚለው ሹክሹክታ፣ «እርግማን ነው፤ በዘራቸው አለ» የሚለው ወሬ ከልጁ አልፎ የእኅቱን ጋብቻ እስከ ማሰናከል ይደርሳል። ስለዚህም ቤተ ሰቡ አንዱን ልጅ ሰውሮ የሌሎቹን ስም ለማዳን ይገደዳል። እንግዲህ ጓዳውን የሚዘጋው የእናቲቱ እጅ ይሁን እንጂ መቀርቀሪያውን ያበጀው የእኛ የጐረቤቶች ምላስ ነው።

ሃይማኖትን ምክንያት አድርጎ እንዲህ የሚያወራ ሰው ሃይማኖቱን በሚገባ አልተማረም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እንደምናገኘው፣ ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ የተሰጣቸው መልስ የሁለቱም አይደለም የሚል ነበር። የቁርኣንም 80ኛው ምዕራፍ የሚከፈተው፣ ትምህርት ፈልጎ ከመጣ ዓይነ ስውር ፊትን ማዞር እንደማይገባ በሚያስተምር ተግሣጽ ነው። እንግዲህ በእርግማን ስም የሚያሸማቅቅ ሰው ከወንጌልም ከቁርኣንም ድጋፍ አያገኝም።

የሕክምናውም ዕውቀት ቢሆን ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነው። ምጥ በርትቶባት ልጅዋ በቂ አየር ሳያገኝ የተወለደባት እናት፣ ልጅዋ የማጅራት ገትር ወይም የልጅነት ልምሻ የያዘባት እናት፣ ሁሉም ያገኛቸው ስሙ የታወቀ ምክንያት ነው። የዐማራ ክልል በዓለም ላይ በዓይነ ማዝ፣ ማለት በትራኮማ፣ እጅግ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ ነው። ይህ በሽታ በሕፃንነት ደጋግሞ እየያዘ የዓይኑን ቆብ ያጠፋና ሰውዬው ካደገ በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውረዋል። የሚያስተላልፉትም ያልታጠበ ፊት፣ ዝንብና የጋራ ፎጣ ናቸው። በዚህ ሁሉ ውስጥ እርግማን የሚባል ነገር የለበትም።

ስለ ምላስ ካነሣን ዘንድ ቋንቋችንንም መመርመር ይገባናል። «ደንቆሮ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ነገር ይሸከማል፤ አንደኛው ጆሮው የማይሰማ ማለት ሲሆን ሁለተኛው ምንም የማያውቅ ማለት ነው። አንድ ልጅ መስማት ባለመቻሉ ብቻ፣ ገና ምንም ሳይጠየቅ፣ አላዋቂ ተብሎ ይፈረድበታል ማለት ነው። «አካለ ጐደሎ» የሚለውም እንዲሁ ሰውየውን ሁሉ በጐደለችው አንዲት ነገር ይጠራዋል። ዛሬ «መስማት የተሳነው»፣ «ዓይነ ስውር»፣ «አካል ጉዳተኛ» የሚሉት ቃላት በጋዜጣና በሕግ መጽሐፍ ገብተዋል፤ መልካም ነው። ዳሩ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቃል ልጁ የተሰየመበት የራሱ ስም ነው። ወደ አንድ ቤት የገባ ወጣት «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «እትዬ፣ የልጅዎ ስም ማን ይባላል?» ቢል፣ ያቺ እናት ከዚያ ቀን በፊት ማንም ያልጠየቃትን ጥያቄ ተጠየቀች ማለት ሊሆን ይችላል።

በአገራችን የቆየው ልማድ ሁሉ ክፉ ነበር ማለት ግን ትክክል አይሆንም። በቆሎ ተማሪ ቤት ዓይነ ስውር መሆን ከትምህርት አያስቀርም ነበር። ዜማውና ቅኔው በቃል የሚያዝ ስለ ሆነ፣ በጎጃምና በጐንደር ዓይነ ስውራን መሪጌታዎች ጉባኤ ዘርግተው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፍርተዋል። በሌላውም ዓለም በ4ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያን ትምህርት ቤት የመራው ዲዲሞስ ዓይነ ስውር ነበረ። እንግዲህ ልብ እንበል። ዓይነ ስውሩን ያስከበረው ሌላ ምንም ሳይሆን የትምህርቱ መንገድ ለእርሱ የተመቸ መሆኑ ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ግን በዚያው ጉባኤ ቦታ አልነበረውም፤ ሁሉ ነገር በጆሮ ይሰጥ ነበርና። ሁለቱ ልጆች በአእምሮ አይበላለጡም፤ የተለያየው የተከፈተላቸው በር ነው። ይህን ያስተዋለ ሰው የጉዳዩን ቍልፍ አገኘ፤ ልጁን የሚያስቀረው ጉዳቱ ብቻ አይደለምና፣ መንገዱን ያበጀው ሰው እርሱን አለማሰቡም ነው።

መንገድ ሲበጅ ምን እንደሚሆን ደግሞ በዓይናችን ያየነው ነው። ከአዲስ አበባ አጠገብ በሰበታ የሚገኘው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ብዙ መምህራንና የሕግ ዐዋቂዎች አውጥቷል። ከዚሁ ከዐማራ ክልል፣ ከሳይንት የተወለደችው የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመትዋ የዓይንዋን ብርሃን ብታጣም ሻሸመኔ በሚገኝ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብታ ተማረች፤ ሕግ አጥንታ ለአካል ጉዳተኞች መብት ስትሟገት ኖረች፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የዓለም ሽልማት ተቀበለች። እርስዋ ራስዋ እንደምትናገረው፣ ዓይንዋ ባይጠፋ ኖሮ እንደ አካባቢው ልማድ በልጅነትዋ ትዳር ነበር። ሌላዋ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ ልጁን ከቤት ማስቀመጥን አልመረጡም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን ማዕከል ከፈቱ። ልጃቸውን በአደባባይ ይዘው እየታዩ ስለ ኦቲዝም ለአገሩ ሁሉ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቢያርፉም ሥራቸው አልተቀበረም፤ አንዲት እናት ጓዳዋን ስለ ከፈተች የብዙ እናቶች ጓዳ ተከፈተ።

የሕጉንም ነገር ብንመለከት የጐደለን የወረቀት ድንጋጌ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቍጥር 676/2002 አጽድቃለች። ስለ ሥራ ስምሪት በ2000 ዓ.ም.፣ ስለ ሕንፃ በ2001 ዓ.ም. አዋጆች ወጥተዋል። ይሁን እንጂ አዋጅ እግር የለውም፤ በየቀበሌው እየዞረ በር አያንኳኳም። «ዐቅም በፈቀደ መጠን» የሚለውንም ሐረግ ማንበብ ያለብን የመንግሥት ግምጃ ቤት ብቻ የሚመለከተው እንደ ሆነ አድርገን አይደለም። ፊደል የቈጠረ ወጣት ሁሉ ከአገሩ ዐቅም አንዱ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ወደ ሰዓት ነገር እንመለስ። ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በዓለም ላይ ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት አንዱ ያህል እግሩ ወደ ውስጥ ተቈልምሞ ይወለዳል፤ ሕዝቡ ቆልማማ እግር ይለዋል። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የተባሉ ስፔን የተወለዱ ሐኪም በአሜሪካ አገር ያበጁት ዘዴ አለ። ሐኪሙ በየሳምንቱ እግሩን በእጁ ቀስ እያለ እያቃና በጄሶ ያስረዋል፤ ከ5 እስከ 8 ሳምንት ያህል ይህ ከተደረገ በኋላ ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት በትንሽ ቀዶ ጥገና ይለቀቃል፤ ከዚያም ልጁ በዘንግ የተያያዘ ጫማ 3 ወር ቀንና ሌሊት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 4 ወይም 5 ዓመት እስኪሆነው ድረስ በእንቅልፉ ሰዓት ያደርጋል። ይህን በትክክል የፈጸመ ልጅ እንደ ማንኛውም ልጅ ይሮጣል። ሕክምናው በአገራችን በብዙ ሆስፒታሎች በነጻ ይሰጣል። ታዲያ ልጆች ስለምን ይቀራሉ? ቀጠሮው ስለሚቋረጥ ነው። እናቲቱ ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ በጀልባ ተሳፍራ በየሳምንቱ መምጣት አለባት፤ ማደሪያ ዘመድ የላት ይሆናል፤ ሌሎች ልጆችዋን ማን ይጠብቅላታል? በሦስተኛው ሳምንት ትደክማለች፤ በአራተኛው ትቀራለች። እዚህ ላይ አንድ ወጣት ጀልባው ከሚደርስበት ቆሞ ቢቀበላት፣ ከካርድ ክፍሉ ሰልፍ ቢይዝላት፣ ሐኪሙ የተናገረውን ጽፎ ቢያስረዳት፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንዳትቀር በስልክ ቢያስታውሳት፣ ያ ልጅ በእግሩ ሊሄድ ነው። ወጣቱ ያወጣው ገንዘብ የለም ለማለት ያስደፍራል፤ የሰጠው ሰዓቱን ነው።

በባሕር ዳርም ሰው ሠራሽ እግር፣ መደገፊያና ተሽከርካሪ ወንበር የሚዘጋጅበት የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ። ግን አንድ ወንበር ለልጁ ከተሰጠው በኋላ በኮብልስቶኑ ላይ ገፍቶ ከትምህርት ቤት የሚያደርሰው ሰው ከሌለ፣ ወንበሩ ከዚያው ከጓዳ ልብስ መስቀያ ይሆናል።

መስማት የተሳነው ልጅ የሚፈልገው ደግሞ ሌላ ነው። እርሱ ከሁሉ አስቀድሞ ቋንቋ ይሻል። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። ፊደላችንን እንኳ በጣት የሚጽፍበት መንገድ ያስደንቃል፤ ፊደሉ በእጅ ቅርጽ ይታይና ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ያለው 7ቱ ቤት በእጁ እንቅስቃሴ ይለያል። ንቁ ተማሪ ፊደሉን በጥቂት ሳምንት ይይዘዋል፤ ቋንቋውን ለማወቅ ግን ረጅም ጊዜ ያስፈልገዋል፤ መምህሮቹም መስማት የተሳናቸው ታላላቆች ራሳቸው ይሁኑ። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድም ቋንቋ ሳያገኝ ካደገ በኋላ የሚደረግለት ሁሉ የዘገየ ነው። ስለዚህ ለቤተ ሰቡ 100 ምልክት ማስተማር ለልጁ 100 ብር ከመስጠት እጅግ ይበልጣል። ምክንያቱም ያን ዕለት ማታ ልጁ በምሳሌና በግምት መሆኑ ቀርቶ ከእናቱ ጋር መነጋገር ይጀምራልና።

ዓይነ ስውር ተማሪ የሚፈልገው አንባቢ ነው። ሉዊ ብሬይል የተባለው ፈረንሳዊ በ15 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1824፣ በ6 ነጥቦች የሚጻፈውን ፊደል አበጀ፤ አማርኛችንም ይጻፍበታል። ዳሩ ግን በብሬይል የታተመ መጽሐፍ በአገራችን ጥቂት ነው። አንድ ወጣት የ8ኛ ክፍልን የኅብረተሰብ ትምህርት መጽሐፍ በስልኩ ድምፅ መቅጃ እያነበበ ቢቀዳ፣ ያ ሥራ ለአንድ ተማሪ ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ ለሚከተሉት ሁሉ ይጠቅማል። አእምሮው ዘግይቶ የሚያድገው ልጅ ደግሞ የሚፈልገው ታጋሽ ሰው ነው፤ አዝራር መቈለፍን፣ እጅ መታጠብን፣ ዳቦ ገዝቶ መልስ መቀበልን 10 ጊዜም ሆነ 50 ጊዜ ሳይሰለች የሚያሳየው።

ጨዋታም መዘንጋት የለበትም። ልጅን በእኩዮቹ ዘንድ የሚያስከብረው ስብከት ሳይሆን አብሮ መጫወት ነው። ገበጣን ዓይነ ስውር ልጅ በእጁ ዳስሶ ጠጠሩን እየቈጠረ ይጫወታል፤ ያሸንፋልም። ብይ ለመጫወት መስማት አያስፈልግም። አንድ ቀን በገበጣ የተሸነፈ የጐረቤት ልጅ በሁለተኛው ቀን ብድሩን ለመመለስ ራሱ በር ያንኳኳል። ያን ጊዜ በጎ ፈቃደኛው ጥቂት ወደ ኋላ ማለት አለበት፤ የፈለገውን አግኝቷልና።

አሁን ደግሞ በጎ ፈቃድ በሚባለው ሥራ ውስጥ ስለሚታየው ጉድለት በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ክረምት በመጣ ቍጥር ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ አገልግሎት መሰማራታቸው የሚያስመሰግን ነው። ማገልገልም ለተማሪዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያስተምሩ ነበር። ግን አንዳንዱ ጉብኝት ብስኩትና ከረሜላ ተይዞ ተሂዶ፣ ከልጆቹ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ፎቶግራፉ በስልክ ተሠራጭቶ የሚያልቅ ነው። ልጁ ግን አይረሳም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በር በሩን ያያል፤ በሁለተኛውም ያያል፤ በሦስተኛው ማየቱን ይተዋል። እንዲህ ያለ ጉብኝት ለጐብኚው ደስታ፣ ለተጐብኚው ኀዘን ትቶ ያልፋል። ሒሳቡም ቀላል ነው። በዓመት አንድ ቀን 8 ሰዓት ከመስጠት በየሳምንቱ አንዲት ሰዓት ለ40 ሳምንት መስጠት ይሻላል፤ ይህ 40 ሰዓት ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ልጁ የሚጠብቀው ሰው አገኘ ማለት ነው። 50 ተማሪዎች ያሉበት አንድ ክፍል ሁለት ሁለት ሆኖ ቢመደብ 25 ቤት ይደርሳል፤ አንዱ ለፈተና ሲያጠና ሁለተኛው ስለሚሄድ ቀጠሮው አይታጐልም። ደግሞም ሁለት ሆኖ መሄድ፣ ወላጅ እያወቀና እየፈቀደ፣ በተከፈተ በር መሥራት ለልጁ ጥበቃ አስፈላጊ ነው። ያለ ወላጁና ያለ ልጁ ፈቃድ ፎቶግራፍ ማንሣትም ነውር ነው።

ሥራውን ማን ያስተባብረው የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎትና የአካቶ ትምህርት ክፍል አለው፤ መምህራኑና ተማሪዎቹ ዕውቀቱ አላቸው። የሕግ ተማሪው የትምህርት ቤት ምዝገባ ለተከለከለ ልጅ አቤቱታ ይጽፋል፤ የምሕንድስና ተማሪው ለትምህርት ቤቱ መግቢያ መወጣጫ ይነድፋል፤ የሕክምናው ተማሪ የሆስፒታሉን መንገድ ያሳያል። ሁሉም በያለበት ሙያ ሥራ አያጣም።

ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ «ደመወዜ ለእኔም አይበቃኝ፤ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ሊል ይችላል። ደመወዙ አነስተኛ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ለባለ ጉዳዩ መንግሥት ማለት ከመስኮቱ በስተኋላ የተቀመጠው ያው ወጣት ራሱ ነው። የቀበሌው መዝጋቢ የቤተ ሰቡን ቍጥር ሲጠይቅ ከጓዳ ያለውንም ልጅ ጠይቆ ቢጽፍ፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ «ለእንዲህ ያለ ልጅ ቦታ የለንም» ከማለት ቦታ ቢፈልግ፣ ፎቅ መውጣት ለማይችል ሰው ጸሐፊው ራሱ ወርዶ ፊርማውን ቢቀበል፣ ይህ ሁሉ ከደመወዙ አንድ ሳንቲም አይቀንስበትም።

ጊዜውም ቀላል አለመሆኑ አይካድም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገድ ባልቀናበት ሩቅ ገጠር ካልደረሳችሁ ብሎ ወጣቱን የሚወቅስ የለም። ነገር ግን ትምህርት ሲቋረጥ ቀድሞ የሚቀረው፣ ሲከፈትም መጨረሻ የሚታሰበው፣ ሰው ሲሸሽ ተሸክሞት የሚሮጥ የሚያጣው ይኸው ልጅ ነው። በአቅራቢያችን፣ በአጥራችን ማዶ፣ በእግር በሚደረስበት ያለውን መጀመር ለማንም አይገድም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። አንዲት እናት ብቻዋን የተሸከመችው ልጅም ለአንድ ሰፈር ወጣቶች ተከፋፍሎ ሲያዝ ሸክምነቱ ይቀርና የሰፈሩ ልጅ ይሆናል።

ስለዚህ ለወጣቶቻችን የምናሳስበው ይህ ነው። በበዓል ቀን ለምጽዋት የምታወጡትን ሳንቲም አንነቅፍም፤ ከእርሱ ጋር ግን ቀጠሮ ስጡ። ከመጪው ሳምንት አንድ ቀን ምረጡ፤ አንድ ጓደኛ ያዙ፤ ከሰፈራችሁ አንድ በር አንኳኩ፤ የልጁን ስም ጠይቁ፤ ስትወጡም መቼ እንደምትመለሱ ተናግራችሁ ውጡ። ከዚያም በተናገራችሁበት ቀን ተመለሱ።